የጅግጅጋ ሜዳ ባዶ አልነበረም

ባለፉት ሃያ ዓመታት የአፍሪካ ቀንድ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ከመሬት ውስጥ እየወጣ እንደ አዲስ መጻፍ ጀምሯል። በሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ቁልቁለት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የይፋትን ሱልጣኖች መቃብርና ከተሞች ለይተዋል። በድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ መንደር ከእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከተማ ቆፍሯል። ከድንበሩ ማዶ በሶማሌላንድ ደግሞ የስፔን ባለሙያዎች ፈርሰው የቀሩ የድንጋይ ከተሞችን፣ የገበያ ሜዳዎችንና የሲራራ ማረፊያዎችን አጥንተዋል። ሦስቱን ሥራዎች በአንድ ካርታ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን መሐል ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ያያል። ባዶው ቦታ ከካራማራ ተራራ ተነሥቶ በጅግጅጋ ሜዳ አልፎ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ በኩል እስከ ድንበሩ ይዘልቃል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ባዶነት ከታሪክ የመጣ እንዳልሆነና የጥናት ጉድለት መሆኑን ማሳየት ነው። ከዚያም አልፎ፣ ይህ መካከለኛ መሬት እስኪጠና ድረስ በግራና በቀኝ የተገኘው ግኝት ሁሉ ጎደሎ ሆኖ እንደሚቆይ አስረዳለሁ። (ዓመቶቹ በተለየ ካልተጠቀሱ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጅግጅጋ የሚነገረው የተለመደ ታሪክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይጀምራል። እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን በ1893 በዚያ ሲያልፍ ያየው በውኃ ጉድጓዶች አጠገብ በእንጨት አጥር የተከለለ ትንሽ የጦር ሰፈር ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው የገበያው፣ የጉምሩኩ፣ የመኪና መንገዱና የጦርነቶቹ ታሪክ በብዙ ተጽፏል። ከዚያ በፊት ያለው ዘመን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ግመልና ከብት የሚነዳበት ክፍት ሜዳ ነበር ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ይዟል። ሜዳው በእርግጥ የአርብቶ አደር አገር ነው፤ ለረጅም ዘመንም እንዲሁ ኖሯል። ስህተቱ ያለው አርብቶ አደር ባለበት ከተማ ሊኖር አይችልም ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

ይህን ስህተት ለማረም አዲስ ግኝት መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲጓዝ፣ ዛሬ በአውበሬ ወረዳ አካባቢ በሚገኘው የሐረዋ ሸለቆ በኩል አልፎ ወደ ማራር ሜዳ ወጣ። በመንገዱም ሁለት የፈረሱ ከተሞች አገኘ። አንደኛው በሼኽ አውቡቤ ስም የሚጠራው ነው፤ ሁለተኛውን የአካባቢው ሰዎች ቆላ በምትባል አንዲት የጥንት ንግሥት ስም የቆላ ምሽግ ይሉት ነበር። በርተን የጻፈው መግለጫ ዛሬም ቢሆን ለዚያ አካባቢ ካሉን ዝርዝር ማስረጃዎች አንዱ ስለሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በቆላ ምሽግ የቤቶች ፍርስራሽ መሬቱን ሸፍኖት ነበር። በጥንቃቄ የተካቡ የውኃ ጉድጓዶች በቆሻሻ ተደፍነዋል። ቤተ መንግሥት ነው ተብሎ የታየው ሕንፃ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ሲሆን በመካከሉ እንጨት በረድፍ በረድፍ ገብቶበታል። መስጊዱ ሰፊና ጣሪያው የወደቀ ነው፤ በውስጡ በሻካራ ድንጋይ የተካቡ አሥራ ሁለት ባለ አራት ማዕዘን አምዶች ቆመዋል፤ የሚህራቡም ቅስት በደህና ሙያ ተሠርቷል።

ከእነዚህ ጥቂት ዝርዝሮች ብዙ ነገር መረዳት ይቻላል። አሥራ ሁለት አምድ የሚፈልግ ጣሪያ የሚሠራው ዓርብ ዓርብ በርከት ያለ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ነው። በድንጋይ የተካበ ጉድጓድ በየዓመቱ የሚጠርገውና የሚጠብቀው ማኅበረሰብ ይፈልጋል። በድንጋይ ካብ መካከል እንጨት ማስገባት ደግሞ የአናጺና የግንበኛ ሙያ ነው፤ ሙያውም ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ እንጂ ለአንድ ክረምት ከሚሰፍር ሰው የሚጠበቅ አይደለም። አንዲት ስንዝር መሬት ሳትቆፈር፣ በዓይን በታየው ብቻ፣ በዚያ ሸለቆ ለትውልዶች የኖረ የከተማ ሕይወት እንደነበረ ግልጽ ነው።

ከበርተን በኋላ በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው ካፑቺን መነኩሴ አባ አዛይስ ከረዳታቸው ሮዤ ሻምባር ጋር የኢትዮጵያን ምሥራቅና ደቡብ ዞረው፣ የሐርላ የሚባሉ ፍርስራሾችንም ጭምር መዝግበው በ1931 መጽሐፍ አሳተሙ። ከሁሉም ይበልጥ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ኤ. ቲ. ከርል የተባለ እንግሊዛዊ ባለሥልጣን በ1937 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ከርል በብሪታንያ ሶማሌላንድና በኢትዮጵያ መካከል ያለውን ድንበር መሬት ላይ ምልክት ባደረገው ኮሚሽን ውስጥ የሠራ ሰው ነው። የመዘገባቸው የፈረሱ ከተሞች ከዚያው ድንበር ግራና ቀኝ ናቸው፤ አሙድ፣ አባሳ፣ ጎጌሳ፣ አውበሬ፣ አውቡቤ እና ሌሎችም። በአሙድ ብቻ ከ200 በላይ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ። ቤቶቹ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ በግድግዳቸው ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ ጉርጓዶች ያላቸው ናቸው። ከቻይና የመጡ የሸክላ ስባሪዎች፣ የመስታወት ዶቃና አምባር፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የገዛው የግብፅ ሱልጣን ቃይትባይ ሳንቲሞችም ተገኝተዋል። ዕቃዎቹ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ፤ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ግን በኢትዮጵያ በኩል ያለው ግማሽ ተረሳ።

የተረሳበትን ምክንያት ማወቅ ለክርክሩ አስፈላጊ ነው። በ1897 አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ልዑክ ሮድ የተስማሙበት መስመር በዚሁ የከተሞች ክምችት መሐል አለፈ። ስምምነቱ በሁለቱም ወገን ያሉ አርብቶ አደሮች መስመሩን ተሻግረው በግጦሹና በውኃው እንዲጠቀሙ ይፈቅድ ነበር፤ ከብቶቹም እስከ ዛሬ ይሻገራሉ። የምርምር ፈቃድ ግን ከመስመሩ አያልፍም። ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ። ከዚያም በ1977 ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር ተያዘች፣ በመጋቢት 1978 በካራማራ ውጊያ ተመለሰች፤ ጦርነቱም በምድሩ ላይ ፈንጂ ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ የስደተኞች መምጣት፣ የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ግጭትና የፀጥታ ሥጋት ተከታተሉ። በሐርላና በይፋት ቁፋሮ የተቻለው፣ በጅግጅጋ ሜዳ ያልተቻለው፣ በአንደኛው ቅርስ ስላለና በሌላው ስለሌለ አይደለም። አንዱ ጋ መሥራት ተቻለ፣ ሌላው ጋ አልተቻለም። በተመራማሪ ካርታ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ስለ ጥንት ሰዎች ሳይሆን ስለ ተመራማሪው መንገድ ነው።

አሁን በግራና በቀኝ የተገኘውን እንይ፤ ምክንያቱም የመካከሉ ክብደት የሚታወቀው ከዳርና ዳሩ ነው። ከሦስቱ ሥራዎች ብዙ የሚያስተምረው ሐርላ ነው። ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቁፋሮ በ2015 ተጀመረ፤ ውጤቱም በ2017 ለዓለም ተሰማ። ከተማዋ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሲኖርባት ቆይታለች። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኝቶባታል፤ አሠራሩ ከደቡብ ታንዛኒያና ከሶማሌላንድ መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። ከማልዲቭ ደሴቶች የመጡ ዛጎሎች፣ ሴላዶን የተባለው የቻይና ሸክላ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ በርካታ የመስታወት ዶቃዎች ወጥተዋል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ግን በዚያው ከተማ የነበረው የጌጣጌጥ መሥሪያ ነው፤ ብርና ነሐስ ይቀጠቀጥበት፣ በሕንድ አሠራር ካርኔሊያን የተባለው ቀይ ድንጋይ ዶቃ ይሆንበት ነበር። ሐርላ ከውጭ የመጣ ዕቃ የምትሸጥ ብቻ አልነበረችም፤ ራሷም ትሠራ ነበር። ከአጥንቶቹ መካከል ደግሞ የባሕር ዓሣ አጥንት ተገኝቷል። ሐርላ ከባሕር የብዙ ቀን የግመል ጉዞ ትርቃለች። ዓሣ ደርቆና ተጭኖ እስከዚያ የሚደርሰው መንገዱ የዘወትር፣ ማረፊያው የታወቀ፣ የሚጠብቀውም ገበያ እርግጠኛ ሲሆን ነው። ወርቅና ዝሆን ጥርስ በዓመት አንድ ጊዜ በሚያልፍ ሲራራ ሊጓዝ ይችላል፤ ዓሣ ለምሳ የሚያመጣ መንገድ ግን ሌላ ዓይነት መንገድ ነው።

ያ መንገድ በየት በኩል አለፈ? ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣ ሲራራ ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው በዛሬው ሲቲ ዞን፣ በሽንሌና በኤረር ቆላ፣ አጭር ግን ውኃ ያነሰበት መንገድ ነው። ሁለተኛው በደቡብ በኩል ወደ ሐረዋ ሸለቆ ወጥቶ በሜዳው አልፎ ወደ ሐረር የሚያመራው ነው። በርተን ራሱ የሄደው በዚሁ በሁለተኛው ነው። ይህኛው ይረዝማል፤ በከፍታው ምክንያት ግን ዝናብ ያገኛል፣ እህል ይበቅልበታል፣ ለግመል ግጦሽ አለው። የፈረሱት ከተሞች የተደረደሩት ማሽላ ሊዘራ በሚችልበትና ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ በሚገኝበት በዚህ ከፍታ ላይ መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ለእኔ ይህ የመሬት አቀማመጥ ማስረጃ ከሳንቲምና ከሴላዶን የበለጠ ያሳምናል፤ ሳንቲም በአንድ መንገደኛ ኪስ ሊመጣ ይችላል፣ መንገደኞችን የሚመግብ የእህል አገር ግን በኪስ አይመጣም።

ሌላም ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። የአዳል ሱልጣኖች መናገሻቸውን በ1520 ወደ ሐረር ከማዛወራቸው በፊት ደከር በምትባል ከተማ እንደተቀመጡ የጽሑፍ ምንጮች ይናገራሉ። የደከር ቦታ እስከ ዛሬ በቁፋሮ አልተረጋገጠም፤ ከሐረር በስተምሥራቅ ወይም በስተደቡብ ምሥራቅ እንደነበረች የሚገምቱ አሉ። ግምቱ ትክክል ከሆነ የአንድ ትልቅ መንግሥት ዋና ከተማ ፍለጋ የሚያመራው በትክክል ወደዚህ ወዳልተጠናው መሬት ነው። በይፋት በኩል የእነ ፎቬልና ሂርሽ ቡድን እንደ ኖራ፣ አስባሪና ማሳል ያሉ ከተሞችንና የወላስማ ሱልጣኖች የመቃብር ጽሑፎችን ሲያገኝ፣ የቀደመው መናገሻ ከመጽሐፍ ስምነት ወጥቶ የሚዳሰስ ቦታ ሆነ። ለደከር ተመሳሳይ ዕድል ያልተሰጣት በቂ ፍለጋ ስላልተደረገላት ነው።

እነዚህ ከተሞች ትንንሽ ነበሩ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ትልቁም ቢሆን ጥቂት መቶ ቤቶች ነው። ከካይሮ ወይም ከኤደን ጋር ሲተያዩ መንደር ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ «ታዲያ ምን ያህል ቢጠኑ ነው?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን ትምህርት ከሩቅ፣ ከካሪቢያን ባሕር ይገኛል። በዚያ ከኮሎምበስ በፊት የነበረውን ሰፈራ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ትኩረታቸው እንደ ኩባና ፖርቶ ሪኮ ባሉ ትልልቅ ደሴቶች ላይ ነበር። ትንንሾቹ ደሴቶች መሸጋገሪያና መጠለያ ብቻ ተደርገው ይታዩ ነበር። ቁፋሮ ሲደረግባቸው ግን ሌላ ነገር ወጣ። በግሬናዳ አጠገብ ባለችው በካሪያኩ፣ ከደቡብ አሜሪካ ዋና ምድር በታንኳ ተጭነው የመጡ እንደ ጊኒ ፒግና አርማዲሎ ያሉ እንስሳት አጥንት ተገኘ። ከአንቲጓ አጠገብ ካለች አንዲት ትንሽ ደሴት የወጣ ባልጩት ድንጋይ በብዙ ደሴቶች ላይ መሣሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ትንሽ ቦታ ለብቻው መኖር ስለማይችል ከሌላው ጋር ለመገናኘት ይገደዳል፤ ስለዚህ የግንኙነቱን መረብ ከትልቁ ቦታ ይልቅ ትንሹ አጥርቶ ያሳያል። በጅግጅጋ ሜዳ ላይ በግጦሽ ባሕር የተከበበች ባለ 200 ቤት ከተማም እንዲሁ ናት። እህሏን ከአካባቢዋ፣ ሥጋና ወተቷን ከአርብቶ አደሩ፣ ጨርቅና ሸክላዋን ከዘይላ፣ ሌላውን ከደጋው ካላገኘች አንድ ዓመት አትውልም። ቆሻሻ መጣያዋ ቢቆፈር የአራቱንም አቅጣጫ ታሪክ በአንድ ጉድጓድ ይሰጠናል።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊመለሱም ይገባል። የመጀመሪያው እነዚህ ከተሞች ከባሕር ማዶ የመጡ ዐረቦች የሠሯቸው ናቸው፣ ከአገሩ ሕዝብ ጋር ግንኙነት የላቸውም የሚለው ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን እንደ ግልጽ እውነት ወስደውታል። የተገኘው ማስረጃ ግን አይደግፈውም። ከባሕር የመጣው ሸክላ ዓይን ይስባል እንጂ በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ለምግብ ማብሰያና ለውኃ መያዣ ያገለገለው የአገር ውስጥ ሸክላ ነው። ቤቱም በአገሩ ድንጋይና ጭቃ ተሠርቷል። ነጋዴዎች ከውጭ መጥተው ከተማው ውስጥ ይኖሩ እንደነበር አያጠራጥርም፤ ዛሬም በየንግድ ከተማው እንግዳ አለ። እንግዳ ያለበት ከተማ ግን የእንግዳ ከተማ አይባልም። ከዚህ በላይ መጨቃጨቅ ሳያስፈልግ ከጥርስ ውስጥ የሚለካው ስትሮንቲየም አንድ ሰው በልጅነቱ የት እንዳደገ ፍንጭ ይሰጣል፤ ዘዴው በሐርላና ሶፊ በሚባል ሌላ ቦታ በተገኙ አጽሞች ላይ ተሠርቶበት ውጤቱ በ2020 ታትሟል። በአውበሬ በኩል ያሉ መቃብሮችም፣ የአካባቢው ሰው እስከፈቀደ ድረስ፣ በዚሁ መንገድ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ በተቃራኒው በኩል ነው፤ ሶማሌ አርብቶ አደር ስለሆነ ከተማ የእርሱ አይደለም የሚል። ለዚህ መልሱን የሰጠው እነ ሆርሄ ዴ ቶሬስና አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል በሶማሌላንድ የሠሩት ሥራ ነው። በባሕር ዳርቻ ስያራ በሚባል ቦታ ቋሚ ቤት የሌለው፣ በዓመቱ ወቅት ሰው የሚሰበሰብበት ሰፊ የገበያ ሜዳ አጠኑ። ኢስኩዳር በሚባል ሌላ ቦታ ደግሞ መቃብርና ዚያራ አንድ ላይ ሆነው በሩቅ የተበተኑ ጎሣዎችን ሲያገናኙ የቆዩበትን ስፍራ መዘገቡ። ነገሩ እስከ ቅርብ ዘመን የቀጠለ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርበራ በንግዱ ወቅት እስከ 20,000 ሰው ይሰፍርባትና ወቅቱ ሲያልፍ ባዶዋን ትቀር ነበር። እንግዲህ አርብቶ አደሩ ንግድን፣ ገበያን፣ የጋራ ሕግንና የእንግዳ ጥበቃን ያውቃል፤ ለዚህ ሁሉ የድንጋይ ግድግዳ የግድ አላስፈለገውም። ግመሉም የእርሱ ነው፣ መንገዱንም የሚያሳልፈው እርሱ ነው። ያለ አርብቶ አደሩ ስምምነት ሲራራ ከዘይላ አይወጣም ነበር። ብዙዎቹ ከተሞች የመከላከያ ቅጥር ሳይኖራቸው መኖራቸውም ይህንኑ ስምምነት የሚያመለክት ይመስለኛል፤ ጎረቤቱን የሚፈራ ነጋዴ ዕቃውን ክፍት ሜዳ ላይ አያስቀምጥም። ለመስክ ሥራው ደግሞ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። በጅግጅጋ ዙሪያ የሚደረግ አሰሳ የፈረሰ ግድግዳ ብቻ ከፈለገ ግማሹን ታሪክ ይስታል፤ የድንጋይ ክምር መቃብሮችን፣ የበረት ዱካዎችን፣ የጥንት ጉድጓዶችንና የዚያራ ቦታዎችን አብሮ መመዝገብ አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ በግልጽ ባይነገርም በብዙዎች ልብ ያለ ነው። ፍርስራሾቹ በስሙ የሚጠሩት የሐርላ ሕዝብ ማን ነበር? ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በየፊናው የሚያነሣው የዘር ትውስታ አለው። በአገራችን አሁን ባለው ሁኔታ ቁፋሮ ይህንን ወደ ይዞታ ክርክር ይለውጠዋል የሚል ሥጋት ምክንያት አልባ አይደለም። ነገር ግን ከመሬት የሚወጣው ነገር ለአንድ ወገን ብቻ የሚመሰክር ሆኖ አላገኘሁትም። ማሰሮ መታወቂያ ይዞ አይወጣም። እስካሁን የተገኘው ሁሉ የሚያሳየው የተቀላቀለ ማኅበረሰብ ነው፤ የአገሬው ሸክላ ከቻይናው፣ የአገሬው ግንበኛ ከሕንድ አሠራር ጋር። በአንድ መቃብር ስፍራ የተቀበሩት ሰዎች ስንት ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር ማንም በአጽም ሊለየው አይችልም። ሥጋቱን የሚያባብሰው ይልቅ ዝምታው ነው፤ ማስረጃ በሌለበት ሁሉም የወደደውን ይላል።

የከተሞቹ ፍጻሜም በዚሁ መንገድ ካልተጠየቀ በቀር በግምት ይቀራል። በርተን የሰማው ትውፊት አውቡቤና የቆላ ምሽግ እርስ በርስ ተዋግተው ተጠፋፉ ይላል፤ ጊዜውንም ከእርሱ በፊት 300 ዓመት ገደማ ያደርገዋል። ይህ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያደርሰናል፤ የኢማም አህመድ ዘመቻዎች ያበቁበት፣ የኦሮሞ መስፋፋት የተጀመረበት፣ ፖርቱጋሎች የቀይ ባሕርን ንግድ ያወኩበት፣ ረሃብም የገባበት ዘመን ነው። የአዳል ገዢዎች በ1577 ወደ አውሳ ሄዱ። በትውፊቱ ውስጥ ያለው ቀን ከጽሑፍ ታሪክ ጋር ይህን ያህል መቀራረቡ ለአገር ሽማግሌ ቃል ክብር እንድንሰጥ ያስገድዳል። የትኛው ምክንያት የትኛዋን ከተማ እንደጣላት ግን በአጠቃላይ ትረካ አይታወቅም። ቤቶቹ የተቃጠሉ ከሆነ የአመድና የከሰል ንብርብር ይኖራል፣ ዕቃውም ወለል ላይ እንደወደቀ ይገኛል። ሰዎቹ ቀስ በቀስ ለቀው ከሆነ ደግሞ ቤቱ ተጠርጎ፣ በሩና ወጋግራው ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ በደለል ሞልቶ ይገኛል። ጉድጓዱ ከከተማው በፊት ደርቆ ከሆነም ደለሉ ራሱ ይናገራል። ከአንድ ቤትና ከአንድ ጉድጓድ የሚወሰዱ ጥቂት የከሰል ናሙናዎች ለዚህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት ክርክር የተሻለ መልስ ይሰጣሉ።

በመጨረሻ የሚነሣው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። ድርቅ በተደጋገመበት፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር ስደተኞች ለዓመታት በተጠለሉበት አካባቢ ስለ ፍርስራሽ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ለተራበ ሰው ከሸክላ ስባሪ በፊት እህል ይቅደም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ይሁን እንጂ ቅርሱ እየጠፋ ያለው በድህነት ብቻ ሳይሆን በዕድገትም ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ አይመለስም። በካሪያኩ የባሕሩ ማዕበል ዳርቻውን ሲሸረሽርና ሰዎች ለግንባታ አሸዋ ሲጭኑ የጥንቱ መንደር አብሮ ተወስዷል። በሐርላ ገበሬዎች የጥንቱን ድንጋይ ለቤታቸውና ለእርሻ ካባቸው ይጠቀሙበታል። በጅግጅጋ ዙሪያም ከተማው በየአቅጣጫው ይሰፋል፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወስደው መስመር የንግዱ ደም ሥር ሆኗል፣ ለቢርካ (ለውኃ ማጠራቀሚያ) መሬት ይቆፈራል፣ ተጠርቦ የተዘጋጀ ድንጋይ ሲገኝም ይጫናል። ለቤቱ መሠረት ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ሊወቀስ አይገባም፤ ያ ካብ ምን እንደሆነ ያስረዳው የለም። ቢርካ ቆፋሪው ጥቁር አፈርና የመስታወት ዶቃ ሲያገኝ ለማን እንደሚናገር አያውቅም። የውኃው ጥያቄም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የጥንት ሰዎች በዚህ ሜዳ ላይ የት ቆፍረው ውኃ እንዳገኙና መቼ እንዳጡት ማወቅ ለዛሬው የውኃ መሐንዲስ የሚጠቅም መረጃ ነው።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፣ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ይከለክላል። የጎደለው ሕጉ የሚጠብቀው ዝርዝር ነው፤ ቦታው ያልተመዘገበ ቅርስ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ካርታ ላይ የለም፣ በካርታ ላይ የሌለውን ደግሞ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሊያልፈው አይችልም። ስለዚህ መጀመር ያለበት በቁፋሮ አይመስለኝም። ቁፋሮ ውድ ነው፣ የተቆፈረን ነገር መጠበቅ ደግሞ ከመቆፈሩ ይበልጥ ይከብዳል። የሚቀድመው በእግር የሚደረግ አሰሳና ምዝገባ ነው። የበርተንንና የከርልን መግለጫ በእጅ ይዞ፣ የአየር ፎቶ ተመልክቶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የየአካባቢውን ሽማግሌዎችና የዚያራ ጠባቂዎች ጠይቆ፣ በአውበሬና በጅግጅጋ ወረዳዎች ያለውን የእያንዳንዱን ፍርስራሽ፣ መቃብርና ጉድጓድ ልኬት መውሰድ ነው። ይህን የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በአንድ በጋ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ አገሩም የእነርሱ ነው። የፈረሰው ከተማ የቆመው ብዙ ጊዜ በሼኽ መቃብር ዙሪያ ስለሆነ ሥራው ያለ ቦታው ጠባቂዎች ፈቃድና ተሳትፎ መሞከር የለበትም፤ ስፍራውን እስከ ዛሬ ከዘረፋ የጠበቀውም የእነርሱ አክብሮት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከድንበሩ ማዶ ካሉት ጋር መረጃ መለዋወጥ ነው። በአሙድ የተለካ ቤትና በአውበሬ የሚለካ ቤት በአንድ መለኪያ፣ በአንድ የሸክላ ምደባ ካልተመዘገቡ አይነጻጸሩም፤ ካልተነጻጸሩም አንድ መንግሥት ሥር የነበሩ ይሁኑ ወይም የሚፎካከሩ ገበያዎች መለየት አይቻልም። ከሐርላ በወጡት ዶቃዎች ላይ የተሠራው ጥናት ለማነጻጸሪያ ዝግጁ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የከርል ስብስብም በየቦታው ስም ተለይቶ የአውበሬና የአውቡቤ ድርሻ ቢታወቅ፣ ፎቶውና ዝርዝሩ ለጅግጅጋ ቢላክ፣ የመጀመሪያው የአሰሳ ቡድን ሜዳ ከመውጣቱ በፊት የሚፈልገውን የሸክላ ዓይነት በእጁ ይዞ ይነሣል።